በጭቃው ዳር ቆሜ ያየሁት

(ከዚህ በታች የምናቀርበው፣ የእርዳታው ሥራ ደጋፊዎች በደሴ ከተማ በቧንቧ ውሃ ሰፈር በተሰበሰቡበት ዕለት አንድ ጡረተኛ መምህር ያደረጉት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ብቻ ታርሟል።)



በዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ የመለስሁት «እኔ ምን አውቄ?» የሚል ነበር። ዕድሜዬን የጨረስሁት ለልጆች ሒሳብ በማስተማር ነው። ስለ እርዳታ ሥራ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ፣ እህል ጭነው መንገድ ያደሩ፣ ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ያስታመሙ ሰዎች እዚህ ተቀምጠዋል። ነገር ግን የጋበዙኝ ሰው «ስለ እርዳታ አይንገሩን፤ ያን የጭቃ ሩጫ ብቻ ይንገሩን» ቢሉኝ እሺ አልሁ። እንግዲህ ስለ ሩጫው እነግራችኋለሁ። ወሬው ወዴት እንደሚወስደን ግን አብረን እናያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የሰፈራችን ወጣቶች ሩጫ እናዘጋጅ ብለው ተነሡ። ያሰቡትም እንደ ታላቁ ሩጫ ያለ የአስፋልት ሩጫ አልነበረም። ታላቁ ሩጫ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ የተጀመረው ማለቴ ነው፤ በየዓመቱ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ከናቴራ ለብሶ የሚሮጥበት፣ ቤተሰብ በመንገድ ዳር ቆሞ እልል የሚልበት ሩጫ ነው። የእኛ ልጆች ግን «አስፋልት የለንም፤ ጭቃ ግን ሞልቶናል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዝናብ ጊዜ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ምን እንደሚያደርገው ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ወጣቶቹ ከከተማው ወጣ ብሎ በገራዶ በኩል ካለ ሜዳ ላይ 2 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር አበጁ። በዙሩም ላይ ሁለት ቦታ የባሕር ዛፍ ግንድ አጋደሙ። አንድ አሮጌ የድንጋይ ካብ ነበር፤ እሱን ሳያፈርሱ ተዉት። ወደ መጨረሻው ደግሞ ሰው ወገብ የማይደርስ ቦይ ቆፍረው ከምንጩ ውሃ መለሱበት። ከቦዩ ማዶ ያለው ሃያ ሠላሳ እርምጃ የሚሆነው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ እግርን ይይዛል፣ ጫማን ያወልቃል፣ የወጣው እግር ደግሞ ከገባው ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ልጆች አንድ ዙር፣ አዋቂዎች ወንድ ሴት ሳይባል ሦስት ዙር፣ ማለትም 6 ኪሎ ሜትር እንዲሮጡ ተወሰነ። ለአንደኛው በግ፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የሩጫ ጫማ ተመደበ።

እንዲህ ያለው ሩጫ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል የሚባለው የኦሎምፒክ ውድድር አመጣጡ ከዚሁ ነው። ጥንት በእንግሊዝና በአየርላንድ ገጠር ሰዎች ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወደ ሌላው ጉልላት እያዩ፣ በመካከል ያገኙትን ወንዝና አጥር እየዘለሉ ይሽቀዳደሙ ነበር ይባላል። ዛሬ በስታዲየም ሯጩ 28 ጊዜ እንጨት፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበትን መሰናክል ይዘላል። የወንዶቹ እንጨት ቁመት 91 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው፤ የውሃው ጉድጓድ ርዝመት 3 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኛም ሰዎች በዚህ ውድድር ስም አላቸው፤ እሸቱ ቱራ እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳይ አግኝቶበታል።

ከቤቴ ሦስት ሰዎች ተመዘገቡ። አንደኛው የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጄ ነው። ሁለተኛው የመጨረሻ ልጄ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነው። በእነዚህ አልተደነቅሁም። ሦስተኛዋ ግን ታላቂቱ ልጄ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ናት። እርሷ ተመዘገብሁ ስትለኝ ዝም አልሁ። ለምን ዝም እንዳልሁ እንዲገባችሁ ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ ልመለስ።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ይህች ከተማ በአንድ ሌሊት እንዴት እንደ ተነሣች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መኪና ያገኘ በመኪና፣ ያላገኘ በእግሩ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ሰው ብቻ ሆኖ ነበር። የዚያን ጊዜ እናቴ በሕይወት ነበሩ፤ አልጋ ላይ ነበሩ፤ መራመድ አይችሉም። ልጄ ታናሹን ልጅዋን አዝላ፣ ታላቁን እጁን ይዛ በደጅ ቆመች። ወንድሟ ቀደም ብሎ ወደ አክስቱ ዘንድ ወጥቶ ነበር። «አንቺ ሂጂ፤ እኔ እናቴን የሚሸከም ሰው ፈልጌ እከተልሻለሁ» አልኋት። የሚሸከም ሰው እንደማላገኝ ስናገርም አውቅ ነበር። እርሷም ታውቅ ነበር መሰለኝ። ሄደች። እኔም በበሩ ቆሜ ጨለማው እስኪውጣት ድረስ አየኋት፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ስትረጋጋ ተመለሰች። ልጆቹ ደኅና ነበሩ። እርሷ ግን ቀኝ ጉልበቷን ታነክስ ነበር። ምን ሆነሽ ብዬ ብጠይቃት «መንገድ ነው፣ አባባ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እናቴም በዚያው ዓመት ዐረፉ። ጉልበቷ እየዋለ እያደረ ዳነ። ስለዚያ መንገድ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም የመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ምክንያቱም ከጠየቅሁ «ለምን አልተከተሉኝም?» ትለኛለች ብዬ እፈራ ነበር።

እንግዲህ ይህች ልጄ ናት «በጭቃ ልሮጥ ነው» ያለችኝ።

የሩጫው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ወደ ሜዳው ስንወርድ ቦዩ ሞልቶ ዋልካው እንደ ሊጥ ሆኖ ጠበቀን። ሽማግሌዎች ይቅር አሉ፤ ወጣቶቹ «እንዲያውም አሁን ሆነ!» አሉ። እኔ ከቦዩ ዳር፣ ከአንዲት የግራር ዛፍ ሥር ቦታ ያዝሁ። በዚያ የቆምሁበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አደጋ ያለው እዚያ ነው ብዬ ስላሰብሁ ነው።

መጀመሪያ ልጆቹ ተለቀቁ። የልጅ ልጄ እስከ ቦዩ ድረስ ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ከቦዩ ሲወጣ ግን አንዱ ሸራ ጫማው በዋልካው ውስጥ ቀረ። ቆመ፤ ጭቃውን ማየት፣ ሰዎቹን ማየት ጀመረ። ከዚያ ሁለተኛውንም ጫማ አውልቆ ወደ እኔ ወረወረና በባዶ እግሩ ሮጠ። ደረቴን በጭቃ መታኝ፤ ሕዝቡም ሳቀብኝ። ዘጠነኛ ሆኖ ገባ።

ለዚህ ልጅ በማግስቱ ስለ እቴነሽ ዲሮ ነገርሁት። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በመሰናክል ማጣሪያ ላይ ሯጮች ተጋጭተው ሲወድቁ ጫማዋ ተበላሸባት። መልሳ ልታጠልቀው ሞከረች፤ አልሆነም። ጫማውንም ካልሲውንም አውልቃ ጥላ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ የቀረውን እንጨትና ውሃ ሁሉ እየዘለለች ጨረሰች። ከመጋጨቱ የተነሣ አቤቱታ ቀርቦ ለፍጻሜው እንድታልፍ ተፈቀደላት። ልጁም ሰምቶ «እኔ ግን ሁለቱንም ነው ያወለቅሁት» አለኝ። ይህንንም አልካድሁትም።

ከዚያ አዋቂዎቹ ተለቀቁ። ስልሳ የሚሆኑ ነበሩ። ሩጫ ለሚመለከት ሰው ከባዱ ነገር ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ፤ የራሱ ሰው ከዓይኑ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ሯጮቹ ከካቡ ማዶ ሲዞሩ የሚያዩት ነገር የለም። የሚሰሙት የሌሎችን እልልታ ብቻ ነው። እኔም በቆምሁበት ሆኜ ሒሳብ መሥራት ጀመርሁ፤ ልማዴ ነውና። እስከ ካቡ ይህን ያህል ደቂቃ፣ ከካቡ እስከ ግንዱ ይህን ያህል እያልሁ ስቆጥር፣ በ2014 ዓ.ም. ሌሊት በአልጋው ራስጌ ተቀምጬ የቆጠርሁት ትዝ አለኝ፤ «አሁን ሐረጎ ደርሳ ይሆናል፤ አሁን ኮምቦልቻ ገብታ ይሆናል» እያልሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይወርዳል። ልጅ ላዘለች ሴት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ያን ሌሊት ብዙ ጊዜ ሠራሁት፤ መልሱም በየጊዜው የተለያየ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ደኅና መጣች። ቦዩን በጥንቃቄ ገብታ በጥንቃቄ ወጣች። ወንድሟ ግን ከፊት ነበር፤ ሁለተኛ ነበር። በሁለተኛው ዙርም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ከመሪዎቹ መካከል አንዱ ሁለተኛውን ዙር እንደ ጨረሰ እጁን አንሥቶ መደሰት ጀመረና ሕዝቡ «ገና ነው! ገና ነው!» ብሎ ጮኸበት። በዚህ የምትስቁ ሁሉ እወቁ፤ ከእርሱ የሚበልጡትም አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1981 በማድሪድ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር የኢትዮጵያ ሯጮች አንድ ዙር ሲቀር የጨረሱ መስሏቸው በሙሉ ኀይላቸው ፈጠኑ። ስሕተቱ ሲታወቅ ጉልበታቸው አልቆ ነበር። ቢሆንም መሐመድ ከድር ከአሜሪካዊው ከክሬግ ቨርጂን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ በቡድንም ኢትዮጵያ አሸነፈች። መሐመድም በሚቀጥለው ዓመት በሮም አንደኛ ሆነ። ጨረስሁ ብሎ ከተሳሳተ በኋላ እንደ ገና መሮጥ ከሁሉ የሚከብድ ሩጫ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ዙር መጣ። ልጄ ወደ ቦዩ ስትደርስ ደክማ ነበር። ገባች፤ ለመውጣት እግሯን ስታነሣ ቀኝ እግሯ በዋልካው ተያዘና በፊቷ ተደፋች። ልትነሣ እጇን ተከለች፤ እጇም ገባ። ሁለተኛ ሞከረች፤ ጉልበቷን ይዛ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷ በጭቃ ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ይታይ ነበር።

እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ጭቃው ገብቼ ነበር። አንድ ጎልማሳ ክንዴን ያዘኝ፤ ከዳር ቁጥጥር ላይ የተመደበ፣ ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይግቡ። ከነኳት ከውድድሩ ትወጣለች።»

«ልጄ ናት!» አልሁት።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ለዚህ ነው የያዝኩዎት።»

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። የሩጫው መንገድ ከቦዩ በኋላ ዞሮ በሠላሳ እርምጃ ርቀት መልሶ ያልፋል። ወንድሟ ዙሩን ሊጨርስ በዚያ ሲያልፍ እኅቱን አያት። ቆመ። ሕዝቡ «አንተ! ወዴት ነው? ጫማው!» እያለ ይጮህበታል፤ ሁለተኛ ነበርና። እርሱ ግን መንገዱን ትቶ በዋልካው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ወደ እርሷ መጣ። እጁን ሰጣት። ጎትቶ አቆማት። እስክትጸና ድረስ ክንዷን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ለቀቃት። አንድ ነገር አላት፤ አልሰማሁትም። ወደ ተወው ቦታ ተመልሶ ሩጫውን ቀጠለ። አሥራ አንደኛ ወጣ። እርሷ ከመጨረሻዎቹ መካከል ነበረች፤ ነገር ግን በእግሯ ገባች።

ከውድድሩ በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶች «እርሱም ነክቷታል፤ ትሰረዝ» አሉ። ያ የቁጥጥር ልጅ ግን ሕጉን ያውቅ ነበር። በዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ሕግ መሠረት፣ የወደቀን ሯጭ ሌላ ሯጭ እንዲቆም ሊረዳው ይችላል፤ ደግፎ ወደ ፊት እንዲሄድለት ግን አይፈቀድም። ከዳር የመጣ ተመልካች ወይም አሠልጣኝ ግን ቢደግፈው ሯጩ ይሰረዛል። እኔ ሕጉን ስሰማ ወዲያው የተረዳሁት አልመሰለኝም። ቤቴ ገብቼ ካሰብሁበት በኋላ ነው የገባኝ።

ይህ ሕግ በኢትዮጵያዊት ላይ ሲደርስ አይተናል። የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በባተርስት ከተማ የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ተደርጎ ነበር። መንገዱ ዳገት፣ ጭቃና የተደረደረ የመኪና ጎማ ያለበት ነበር። ለተሰንበት ግደይ ውድድሩን እየመራች መጥታ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። የኬንያዋ ቢያትሪስ ቼቤት አልፋት አሸነፈች። ለተሰንበት ከዳር በመጣ ሰው ተደግፋ ተነሥታ መስመሩን አለፈች፤ ነገር ግን ስለ ተደገፈች ውጤቷ ተሰረዘ።

ይህን ያየሁት ልጄ በስልኩ አሳይቶኝ ነው። ለተሰንበት የትግራይ ልጅ ናት። የሰሜኑ ጦርነት በስምምነት ከቆመ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። በእኛም ቤት፣ በእነርሱም ቤት ያለው ቁስል ገና ትኩስ ነበር። ስትወድቅ ግን «ልጄን!» ብዬ ጮኽሁ። ቤት ያሉት ዞረው አዩኝ፤ እኔም በራሴ ተገረምሁ። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት በውስጤ የሰበሰብሁት ምሬት ሁሉ በዚያች ደቂቃ የት እንደ ሄደ አላውቅም። የወደቀ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው ሰውነቱ እንጂ የመጣበት አገር አይደለም። ይህን ከስብከት አልተማርሁትም፤ ከስልክ መስታወት ላይ ነው የተማርሁት።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ማታ ከቤታችን ደጅ ካለው ቧንቧ ላይ ጭቃውን ስትታጠብ እኔ ጆጉን ይዤ አፈስስላት ነበር። የሰፈራችን ስም ቧንቧ ውሃ ነው፤ በዚያች ዕለት ስሙ ተስማማን። ፊቷን ከታጠበች በኋላ ቀና ብላ፣

«አባባ፣ አዩኝ?» አለችኝ።

«አየሁሽ።»

«ስወድቅም?»

«ስትወድቂም አየሁሽ። ልገባ ነበር፤ ያዙኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ያን ሌሊት በሐረጎ ቁልቁለት ላይ እንዲሁ ወድቄ ነበር። ልጁ ከጀርባዬ እንዳይወድቅ ብዬ በጉልበቴ ነው የወደቅሁት። ሰው በላዬ ያልፋል። መነሣት አቃተኝ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ እርሷም በራሷ ላይ ዕቃ፣ በእጇ ልጅ ይዛ የምትሸሽ፣ ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀምጣ እጇን ሰጠችኝ። አቆመችኝ። ከዚያ ዕቃዋን ተሸክማ ሄደች። ፊቷን እንኳ በጨለማ አላየሁትም። እኔ ግን የሚያሳዝነኝ መውደቄ አልነበረም። እዚያ ስወድቅ የእኔ የሆነ ሰው አላየኝም። ዛሬ ግን እርስዎ ቆመው ነበር።»

«ለምን አልተከተሉኝም?» አላለችኝም። ሦስት ዓመት የፈራሁት ጥያቄ አልመጣም። እኔው ራሴ «ይቅር በይኝ» አልኋት። «አያቴን ማን ይይዛቸው ነበር?» አለችኝና ጆጉን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ወገኖቼ ሆይ፤ ስለ እርዳታ እንዳልናገር ተነግሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ ታሪክ በኋላ ዝም ብል ደግ አይሆንም። ጥቂት ልበል።

በ1977 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለሁ፣ ወሎ በረኀብ በተመታች ጊዜ፣ በመጠለያ ውስጥ እህል ከሚያወርዱት አንዱ ነበርሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ላይ ወደቁ። ሮጬ ልሸከማቸው ስል እጃቸውን አንሥተው «ልጄ፣ አስነሣኝ እንጂ አትሸከመኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ የኩራት ነገር መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን የሯጮቹን ሕግ ከሰማሁ በኋላ ሌላ ይመስለኛል። እኒያ ሰው አርባ ዓመት ያረሱ፣ ቤት ያቆሙ ሰው ነበሩ። የጠየቁኝ በእግራቸው እንዲቆሙ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሊሄዱበት የሚሹት በራሳቸው እግር ነበር። ተሸክሜያቸው ቢሆን ኖሮ ከዳር የገባ ተመልካች በሆንሁ ነበር። እህላቸውን ቀበሌው ድረስ አብሬያቸው ተራመድሁ፤ እርሳቸው ግን በእግራቸው ሄዱ።

ይህን ስል አንድ ስሕተት እንዳይገባ እፈልጋለሁ። ሰው «እንግዲያው የወደቀን አለመንካት ይሻላል» ብሎ እንዳይወስደው። ሩጫ በፈቃድ የገቡበት ነገር ነው፤ ደንብ አለው፤ ደንቡም መከበር አለበት። ረኀብና ጦርነት ግን ማንም ተመዝግቦ የሚገባበት ውድድር አይደለም። በዚያ ላይ የወደቀን ሰው ከዳር ቆሞ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚል ካለ፣ የሕጉን ቃል ይዞ ልቡን የጣለ ነው። እዚያ ላይ ሊሸከሙት የሚገባ ሰው አለ፤ እናቴ የሚሸከማቸው ሰው ነበር የሚያስፈልጋቸው፤ አላገኙም። ሕፃን ይሸከሙታል፤ ሕመምተኛ ይሸከሙታል። ጥበቡ ያለው ማንን እንደምንሸከም፣ ማንን ደግሞ አስነሥተን እንደምንለቅ በማወቅ ላይ ነው። ይህንንም ከሩቅ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ሌላው ያስተዋልሁት ይህ ነው። በሐረጎ ላይ ልጄን ያነሣቻት ራስዋም የምትሸሽ ሴት ናት። በገራዶ ሜዳ ያነሣት ራሱም በጭቃ የሚሮጥ ወንድሟ ነው። እርዳታ ከሩቅ አገር በመኪና ሲመጣ እናያለን፤ ሲመጣም እናመሰግናለን። ነገር ግን መኪናው ከመድረሱ በፊት ጎረቤት ለጎረቤት እጁን ሰጥቷል፤ የሌለው ለሌለው እፍኝ ሽሮ ከፍሏል። የእናንተ ድጋፍ የሚጸናው እነዚያን እጆች ሲያገኝና ሲያበረታ ነው፤ በእነርሱ ፈንታ ሲገባ ግን አይደለም። እዚህ የተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁም እነዚያው እጆች ናችሁ፤ ተጎድታችሁ የረዳችሁ ናችሁ።

የመጨረሻው ደግሞ ስለ ማየት ነው። እኔ ማየትን ከምንም አልቆጥረውም ነበር። ቆሞ መመልከት የሰነፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ግን ያስተማረችኝ ሌላ ነው። ሰው በጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ዓይኑን ያነሣና የራሱን ሰው ይፈልጋል። የራሱ ሰው እዚያ ካለ፣ ባይነካው እንኳ፣ መነሣቱ ይቀልለዋል። ስለዚህ ገንዘብ ብቻ ልካችሁ እንዳትቀሩ እለምናችኋለሁ። ኑ፤ ሰዎቹን በስማቸው እወቋቸው፤ ሲወድቁ ብቻ ሳይሆን ሲነሡም እዩአቸው። በየመንደሩ «አዩኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ።

ንግግሬን ልጨርስ። ወጣቶቹ ሩጫውን ዳግመኛ ሊያዘጋጁ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ልጄ ተመዝግባለች። ወንድሟም ተመዝግቧል፤ ያጣውን ጫማ አላገኘም፤ ግን እኅቱ ከበርበሬ ትርፏ ሌላ ገዝታለታለች። የልጅ ልጄ በዚህ ጊዜ ጫማውን በገመድ አጥብቆ እንደሚያስር ነግሮኛል። «አያ፣ እርስዎስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጉልበቴ ለሩጫ የሚሆን አይደለም አልሁት። ነገር ግን ቦታዬን ይዤአለሁ፤ ከቦዩ ዳር፣ ከግራሯ ሥር እቆማለሁ። ከእናንተም የሚመጣ ካለ ቦታ አይጠብም። ጫማ ግን አሮጌ ይሁን።